ዱቄቱ ምግብ ነው

ከፊት የተቀመጡት ወጣቶች ከጂም በቀጥታ የመጡ ይመስላሉ፤ ቦርሳቸው ይናገራል። ከኋላ ደግሞ እናቶችንና አባቶችን አያለሁ። ከመካከላቸው የልጃቸው ክፍል ውስጥ ባልዲ የሚያህል ጣሳ አግኝተው «ይሄ ደግሞ ምን ጉድ ነው?» ብለው የመጡ ሳይኖሩ አይቀሩም። ለሁለታችሁም የምለው አንድ ነገር ነው። ጣሳው ውስጥ ያለው የፕሮቲን ዱቄት ምግብ ነው። እንደ ምግብ ቁጠሩት፤ ዋጋውንም እንደ ምግብ ዋጋ አስሉት። ከምግብ የማይጠበቅ ተአምር ሲሠራ ካያችሁት ግን ምግብ ያልሆነ ነገር ገብቶበት ሊሆን ይችላልና ሽሹት። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ያዙልኝ።

ከጡንቻው እንጀምር። ክብደት ስታነሱ ጡንቻው ይወጠራል፤ ውጥረቱ ለጡንቻው ሴል ያለው አቅም እንዳልበቃው ምልክት ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ ባለው አንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሰውነት ከወትሮው ፈጥኖ አዲስ የጡንቻ ፕሮቲን ይሠራል። ጥሬ ዕቃው ከምግብ የምናገኘው አሚኖ አሲድ ነው፤ ጊዜው ደግሞ የዕረፍትና የእንቅልፍ ሰዓት ነው። ክብደቱ ቀስ በቀስ ካልጨመረ ወይም እንቅልፉ ከተዛባ ጎዶሎውን ዱቄት አይሞላውም። ሌላም ነገር አለ። ጀማሪ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያገኘው የጉልበት ጭማሪ አብዛኛው ከነርቭ የሚመጣ ነው፤ አንጎሉ ያለውን ጡንቻ አስተባብሮ ማዘዝ ይለምዳል። ጂም በገባ በሦስተኛ ሳምንቱ «ዱቄቱ ያዘልኝ» የሚለኝን ወጣት ደስታውን አላበላሽበትም እንጂ፣ ያለ ዱቄቱም ያንን ብረት ያነሳው ነበር።

አሁን ይህን ጣሳ እንየው። ስሙን በወረቀት ሸፍኜዋለሁ፤ ማስታወቂያ ልሠራለት አልመጣሁም። ፊቱ ላይ ደረቱን የነፋ ሰው አለ፤ እሱን እለፉት። ጣሳውን አዙሩና ጀርባው ላይ ያለውን ሠንጠረዥ አንብቡ። አንድ ስኩፕ፣ ማለትም ውስጡ ያለው መስፈሪያ ማንኪያ፣ 30 ግራም ይይዛል። ከዚያ ውስጥ ፕሮቲኑ 24 ግራም ነው፤ የቀረው ጥቂት ስብ፣ ጥቂት ስኳር፣ ካካዎና ማጣፈጫ ነው። 24 ግራም ፕሮቲን ማለት አራት እንቁላል ማለት ነው። 100 ግራም የበሰለ ቀይ ሥጋ ከዚህ ትንሽ ይበልጣል። የጣሳው ምስጢር ይኸው ነው፤ የአራት እንቁላል ፕሮቲን ሳይበስል፣ ሳይላጥ፣ በአንድ ብርጭቆ ውኃ ተበጥብጦ ይጠጣል። ምቾት ነው የሚሸጠው። ምቾት መግዛት ነውር የለበትም፤ ከሥራ ወደ ጂም፣ ከጂም ወደ ማታ ትምህርት ለሚሮጥ ሰው ዋጋ አለው።

ይኼኛው ትልቁ ጣሳ ግን ሌላ ነው። ማስ ጌነር ይሉታል፤ ቀጫጭን ልጆች የሚገዙት እሱን ነው። የይዘቱ ዝርዝር ብዛት ካለው ወደ አነስተኛው በቅደም ተከተል ስለሚጻፍ መጀመሪያ ላይ ያለው ቃል ብዙ ይናገራል። እዚህ መጀመሪያ የተጻፈው ማልቶዴክስትሪን ነው። ከስታርች የሚሠራ፣ ሰውነት ውስጥ ቶሎ ወደ ስኳርነት የሚለወጥ ነጭ ዱቄት ነው። እናንተ የፕሮቲን ዋጋ ከፍላችሁ በአመዛኙ ስኳር እየገዛችሁ ነው። መወፈር ያቃተው ልጅ ካለ በሶውን በወተት በጥብጦ፣ ማርና የኦቾሎኒ ቅቤ ጨምሮበት በቀን ሁለት ጊዜ ይጠጣ። ያ ከዚህ ጣሳ የሚያንስበት ነገር አይታየኝም፤ ለዛው ደግሞ ይበልጣል።

ወደ ሒሳቡ እንምጣ፤ ስንት ፕሮቲን ያስፈልጋል? ስፖርት ለማይሠራ ጤነኛ ጎልማሳ የሚመከረው በቀን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 0.8 ግራም ነው። ክብደት ለሚያነሳ ሰው ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። በ2018 የብሪታንያ የስፖርት ሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ግምገማ 49 ጥናቶችንና ከ1,800 በላይ ሰዎችን አንድ ላይ አይቷል። የፕሮቲን ማሟያ መውሰድ በእርግጥ ይጠቅማል፤ ነገር ግን በቀን በኪሎ 1.6 ግራም ገደማ ሲደርስ ጥቅሙ ይቆማል። ከዚያ በላይ የተጨመረው ፕሮቲን ጡንቻ ላይ የሚታይ ለውጥ አላመጣም። ጥቅሙስ ምን ያህል ነበር? ሁለቱም ወገኖች ክብደት እያነሱ፣ ፕሮቲን የጨመሩት ካልጨመሩት በአማካይ የበለጡት በ300 ግራም ያህል ሥጋ ነው። ሦስት መቶ ግራም! ማስታወቂያው ላይ ያለው ሰውዬ የቀረውን ከየት እንዳመጣው እሱ ይወቀው።

70 ኪሎ የሚመዝን ወጣት እንውሰድ። በ1.6 ሲባዛ በቀን 112 ግራም ያስፈልገዋል። አሁን የሚበላውን እንቁጠርለት። ቁርስ ሁለት እንቁላል በዳቦ፣ 20 ግራም ገደማ። ምሳ እንጀራ በሽሮ፣ 22። ጤፍ ራሱ በ100 ግራም 13 ግራም ያህል ፕሮቲን እንዳለው ብዙ ሰው ይረሳዋል። ከሰዓት አንድ ብርጭቆ ወተትና 50 ግራም ኦቾሎኒ፣ 20። እራት እንጀራ በምስር፣ 24። ድምሩ 86 ነው። የጎደለው 26 ግራም ነው፤ አንድ ስኩፕ ከአንድ ጉርሻ ሽሮ ጋር ይሞላዋል። ወይም እራቱ ላይ 100 ግራም ሥጋ ቢጨመር ጉዳዩ ያልቃል። በቀን ሦስትና አራት ስኩፕ የሚጠጣው ልጅ ግን ከሁለተኛው በኋላ ያለውን ለጡንቻው አልሰጠውም፤ ወይ ለኃይል ይቃጠላል ወይ በስብ መልክ ይቀመጣል፤ ናይትሮጅኑም በሽንት ይወጣል። ይህን ሒሳብ አንድ ቀን ቁጭ ብላችሁ በራሳችሁ ሰሃን ሥሩት። ብዙዎቻችሁ የጎደላችሁ ያሰባችሁትን ያህል እንዳልሆነ ታያላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ቁርስ በሻይ በዳቦ፣ ምሳ በፓስታ እያለፋችሁ ለካ ግማሹን እንኳ እንደማታገኙ ታውቃላችሁ። ለእነዚህኞቹ ዱቄቱ በእርግጥ ይጠቅማል።

ዋጋ ስታወዳድሩ የጣሳውን ዋጋ ከጣሳ ዋጋ ጋር አታወዳድሩ። ጣሳው ውስጥ ስንት ስኩፕ እንዳለ ተጽፏል፤ በእያንዳንዱ ስኩፕ ባለው ፕሮቲን አባዙትና ዋጋውን ለውጤቱ አካፍሉት። አንድ ግራም ፕሮቲን በስንት ብር እንደገባ ይወጣላችኋል። እንቁላልንም፣ ምስርንም፣ ሥጋንም እንዲሁ አስሉ። የብር ምንዛሪ በተለዋወጠ ቁጥር መልሱ ስለሚለወጥ ዛሬ ቁጥር አልሰጣችሁም፤ ምስር ግን በዚህ ውድድር ብዙ ጊዜ አይሸነፍም።

ዱቄቱ ከምን ይሠራል? አብዛኛው ዌይ የሚባለው ነው፤ ዌይ ደግሞ አጓት ነው። ገጠር ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ፤ ቅቤው ወጥቶ አሬራው እሳት ላይ ሲሞቅ አይቡ ይረጋል፣ ከሥሩ ቢጫ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ውኃ ይቀራል። እኛ ለጥጃ ወይም ለውሻ የምንሰጠው ያ ውኃ ነው። የአውሮፓና የአሜሪካ የአይብ ፋብሪካዎችም ለረጅም ጊዜ ወንዝ ውስጥ ይደፉት ነበር፤ በኋላ አጣርቶና አድርቆ መሸጥ ተቻለ። ፕሮቲኑ ጥሩ ነው፤ ቶሎ ይፈጫል፣ የጡንቻን ግንባታ ለማስጀመር ትልቅ ድርሻ ያለው ሉሲን የተባለው አሚኖ አሲድ በብዛት አለበት። ወተት ሆዳቸውን የሚነፋቸው ሰዎች ኮንሰንትሬት የሚባለውን ዓይነት ሲጠጡ ሊረብሻቸው ይችላል፤ አይሶሌት የሚባለው የወተት ስኳሩ በጣም የቀነሰለት ስለሆነ ይሻላቸዋል። ከስፖርት በኋላ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልተጠጣ ከንቱ ነው የሚባለውን እርሱት። በቀን የተበላው ጠቅላላ መጠን ከሰዓቱ ይበልጣል።

አሁን ብዙ ሰው ወደማያውቀው ነገር ልግባ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይበት። ጣሳው ላይ «24 ግራም ፕሮቲን» ሲባል ማን መዘነው? ላቦራቶሪዎች ፕሮቲንን በቀጥታ ከመመዘን ይልቅ በብዛት የሚለኩት ናይትሮጅንን ነው። ዘዴውን በ1883 ያወጣው ዮሐን ኬልዳል የተባለ ዴንማርካዊ ኬሚስት ነው። ኮፐንሃገን በሚገኘው የካርልስበርግ ቢራ ላቦራቶሪ ይሠራ ነበር፤ ችግሩ የቢራ ገብስ ውስጥ ያለውን ፕሮቲን ማወቅ ነበር። ፕሮቲን ውስጥ በአማካይ ከመቶ 16 ያህሉ ናይትሮጅን ስለሆነ የተገኘውን ናይትሮጅን በ6.25 ሲያባዙት የፕሮቲኑ ግምት ይወጣል። ብልህ ዘዴ ነው፤ ዛሬም ይሠራበታል። ቀዳዳው ግን ግልጽ ነው። ናይትሮጅን ያለበት ሌላ ርካሽ ነገር ብትጨምሩበት መሣሪያው ፕሮቲን ብሎ ይቆጥረዋል።

በ2008 ቻይና ውስጥ የሆነው ይኸው ነው። ወተት ውኃ ተቀላቀለበት፤ ውኃ ሲገባ ፕሮቲኑ ስለሚቀንስ እንዳይታወቅ ሜላሚን የተባለ፣ ፕላስቲክ የሚሠራበት፣ ናይትሮጅን የበዛበት ኬሚካል ጨመሩበት። የሕፃናት ወተት ሆኖ ተሸጠ። ወደ 300 ሺህ የሚጠጉ ሕፃናት ታመሙ፣ ኩላሊታቸው ውስጥ ጠጠር ተፈጠረ፣ ስድስት ሕፃናት ሞቱ። አንዳንድ የስፖርት ዱቄት ነጋዴዎች የሚጠቀሙበት ስልት ያን ያህል አይገድልም፤ ሐሳቡ ግን አንድ ነው። ግላይሲንና ታውሪን የተባሉ ርካሽ አሚኖ አሲዶች ይጨመራሉ፣ ናይትሮጅኑ ከፍ ይላል፣ ጣሳው ላይ ያለው ቁጥርም ያምራል። ስለዚህ የይዘት ዝርዝሩ ላይ ከዌይ ቀጥሎ እነዚህ ስሞች ተደርድረው ካያችሁ ቁጥሩን አትመኑት። ዋጋው ከሌሎቹ በግማሽ የረከሰ ዱቄት ሲያጋጥማችሁም ረክሶ ነው አትበሉ፤ በርበሬና ቅቤ ስትገዙ የምታውቁትን ጥርጣሬ እዚህም ይዛችሁ ኑ።

ጾም ላይ ሁልጊዜ ጥያቄ ስለሚመጣ ሳልጠየቅ ልመልስ። ዌይ የወተት ውጤት ስለሆነ በኦርቶዶክስ ጾም አይሆንም። ታዲያ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ጡንቻ ይቀልጣል? አይቀልጥም፤ ሒሳቡን እንደገና እንሥራው። ቁርስ፣ ወይም ጾሞ ለሚውል ሰው የመጀመሪያው ማዕድ፣ የባቄላ ፉል በዳቦ፣ 23 ግራም። እንጀራ በሽሮ 22፣ ኦቾሎኒ 12፣ እንጀራ በምስር 24። ድምሩ 81 ነው፤ ከፍስኩ ቀን በ5 ግራም ብቻ አነሰ። የእህል ፕሮቲን ላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ ያንሰዋል፣ ጥራጥሬ ደግሞ ላይሲኑ ብዙ ነው፤ እንጀራ በሽሮ የሠራችው እናት ይህን ኬሚስትሪ ሳትማር አሟልታዋለች። የዕፅዋት ፕሮቲን ትንሽ ዝቅ ብሎ ስለሚፈጭ መጠኑን ጨመር ማድረግ ነው። ለዚህ ደግሞ የምመክረው ግብጦ ነው። ጎጃም ያደጋችሁ ፈገግ አላችሁ። ደረቁ ግብጦ ከሲሶ በላይ ፕሮቲን ነው፤ ከምስርም ከሽምብራም ይበልጣል። መራራው ኬሚካል ስለሚጎዳ ተቆልቶ ወይም ተቀቅሎ ለቀናት ውኃው እየተለወጠ መዘፍዘፍ አለበት፤ ባለሙያዎቹ ያውቁበታል። 50 ግራሙ 18 ግራም ያህል ፕሮቲን ይሰጣል። የአተርና የአኩሪ አተር ፕሮቲን ዱቄትም ገበያ ላይ አለ፤ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ግን የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ፤ እኔ የምመልሰው የኬሚስትሪውን ብቻ ነው። ረመዳን ለሚጾሙት ደግሞ የቀኑን መጠን በኢፍጣርና በሱሑር መካከል ማከፋፈል በቂ ነው።

ከምግብ ትንሽ ከፍ ያለ ነገር ካለ ክሪያቲን ነው። ስሙ ያስደነግጣል እንጂ እያንዳንዳችን ሰውነት ውስጥ አለ፤ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ውስጥ 120 ግራም ያህል ይገኛል፣ ሁሉም ማለት ይቻላል ጡንቻ ውስጥ ነው። በ1832 ከሥጋ ለይቶ ያወጣው ሚሼል ሸቭረል የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት ነው። ከዓመታት በኋላ ጀርመናዊው ሊቢግ በአደን የተገደሉ የዱር ቀበሮዎች ሥጋ ውስጥ ታስረው ከሚቀለቡት ይልቅ በብዙ እጥፍ የበዛ ክሪያቲን እንዳለ ጻፈ፤ ከሩጫና ከጉልበት ጋር ግንኙነት እንዳለው የተጠረጠረው ያኔ ነው። አሠራሩ ይህ ነው፤ ጡንቻ ባለ በሌለ ኃይሉ ሲሠራ ያለው ነዳጅ በሴኮንዶች ውስጥ ያልቃል፤ ክሪያቲን የተሸከመውን ፎስፌት ሰጥቶ ነዳጁን ወዲያው ይተካዋል። ስለዚህ ስምንት ጊዜ ያነሳችሁትን ዘጠነኛ እንድታነሱ ሊረዳችሁ ይችላል። ጡንቻውን የሚያሳድገው ያ ዘጠነኛው ነው።

በ1992 እንግሊዛዊው ሮጀር ሃሪስና ባልደረቦቹ ክሪያቲን በአፍ ሲወሰድ ጡንቻ ውስጥ እንደሚጠራቀም አሳዩ። በዚያው ዓመት በባርሴሎና ኦሎምፒክ ወርቅ ካገኙ የብሪታንያ የአጭር ርቀት ሯጮች መካከል የተጠቀሙት እንዳሉ ጋዜጦች ጻፉ፤ ገበያው ከዚያ በኋላ ፈነዳ። እኛ ባርሴሎናን የምናስታውሰው በደራርቱ ቱሉ 10 ሺህ ሜትር ነው፤ ልዩነቱም እዚያው ላይ ነው። ክሪያቲን ጡንቻ ውስጥ ውኃ ይዞ ስለሚገባ በመጀመሪያው ሳምንት ክብደት በአንድ ሁለት ኪሎ ሊጨምር ይችላል። ለክብደት አንሺ ምንም አይደለም። እንጦጦ ላይ 25 ኪሎ ሜትር ለምትሮጥ ልጅ ግን በየእርምጃዋ የምትሸከመው ሸክም ነው፤ የረጅም ርቀት ሯጮች ጓደኛቸው ስለወሰደ ብቻ አይውሰዱት። መጠኑ በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም ነው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ። ሞኖሃይድሬት የሚባለው ርካሹ ዓይነት በደንብ የተጠና ነው፤ በሦስት እጥፍ ዋጋ የሚሸጡት ሌሎች ስሞች ከእሱ እንደሚበልጡ አልታየም። ክሪያቲን በምግብ የሚገኘው ከሥጋና ከዓሣ ስለሆነ ሥጋ የማይበሉ ሰዎች ጡንቻ ውስጥ አነስ ይላል፤ ዱቄቱን ሲወስዱም ጭማሪው ከሌላው ይበልጥ ይታይባቸዋል። ዱቄቱ ፋብሪካ ውስጥ በኬሚካል ውህደት የሚሠራ እንጂ ከሥጋ የሚወጣ አይደለም፤ በካፕሱል ከመጣ ግን ሽፋኑ ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚወጣ ጄላቲን ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ቡና። ካፌን ለስፖርት እንደሚረዳ ማስረጃው ጠንካራ ነው፤ ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ3 እስከ 6 ሚሊግራም፣ አንድ ሰዓት አስቀድሞ። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 180 ሚሊግራም መነሻው ነው፤ ሁለት ስኒ ወፍራም ቡና ሊበቃው ይችላል። እስከ 2003 መጨረሻ ድረስ ሽንት ውስጥ ከተወሰነ መጠን በላይ ከተገኘ ስፖርተኛን ያስቀጣ ነበር፤ ከ2004 ጀምሮ ከተከለከሉት ዝርዝር ወጥቷል። አቦል ጠጥታችሁ ብትወዳደሩ ማንም አይጠይቃችሁም። ፕሪ ወርክአውት የሚባለው በቀለም ያሸበረቀ ዱቄት ዋና ሞተሩ ይኸው ካፌን ነው፤ በአንድ ስኩፕ 200፣ 300 ሚሊግራም ይገኝበታል። ጤነኛ ጎልማሳ በቀን ሙሉ ከ400 ባይበልጥ ይሻላል። ማታ 1 ሰዓት ላይ ጂም የሚገባ ልጅ እሱን ጠጥቶ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ዓይኑ ከፈጠጠ፣ ጡንቻው የሚሠራበትን እንቅልፍ በገንዘቡ ሸጠው ማለት ነው።

የቀሩትን በሩጫ ልለፋቸው። ቢሲኤኤ የሚባሉት ሦስት አሚኖ አሲዶች፦ ፕሮቲን በበቂ ለሚበላ ሰው የሚጨምሩት የለም፤ ሦስቱም ሽሮው ውስጥ አሉ። ቤታ አላኒን፦ አንድና ሁለት ደቂቃ ለሚቆይ ከባድ ጥረት ትንሽ ይረዳል፣ ቆዳን ይነዝራል፣ አትደንግጡ። የቀይ ሥር ጭማቂ፦ ናይትሬት ስላለው አንዳንድ ሰው ላይ ጽናት ይጨምራል፤ ሽንት ቢቀላም ደም አይደለም። ቴስቶስቴሮን ይጨምራሉ የሚባሉ ዕፅዋት፦ ገንዘባችሁን ብቻ ይቀንሳሉ። ስብ ያቃጥላሉ የሚባሉትን ግን በሩጫ ማለፍ አልችልም።

ነገሩ ከሕጉ ይጀምራል፤ ከ1994 ወዲህ ባለው የአሜሪካ ሕግ የምግብ ማሟያ ገበያ ላይ ከመውጣቱ በፊት እንደ መድኃኒት ተመርምሮ አይጸድቅም፤ ስለ ደህንነቱ ኃላፊው አምራቹ ራሱ ነው፣ መንግሥት የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ጉዳቱ ከታየ በኋላ ነው። በ2003 ስቲቭ ቤክለር የተባለ የ23 ዓመት የቤዝቦል ተጫዋች በልምምድ ላይ በሙቀት ተመትቶ ሞተ፤ ኤፌድራ የተባለ አነቃቂ ዕፅ ያለበት ክብደት መቀነሻ ይወስድ ነበር፣ መርማሪውም ለሞቱ አስተዋጽኦ እንዳደረገ ተናገረ። ኤፌድራ የታገደው በዓመቱ ነው። ጀርመን ኮሎኝ ያለው ላቦራቶሪ ከ13 አገሮች የተገዙ 634 ማሟያዎችን መርምሮ በ94ቱ ውስጥ ጣሳው ላይ ያልተጻፈ ሆርሞን ነክ ነገር አገኘ፤ ከሰባት አንዱ መሆኑ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ከ2007 እስከ 2016 ባለው ጊዜ ድብቅ መድኃኒት የተገኘባቸው ብሎ የመዘገባቸው ምርቶች 776 ናቸው። ብዙዎቹ የወሲብ ማጠንከሪያና የክብደት መቀነሻ ሲሆኑ፣ ከመቶ 12 ያህሉ ጡንቻ ገንቢ ተብለው የሚሸጡ ነበሩ።

ይህ በሰው ላይ ምን ይመስላል? በአሜሪካ የጉበት ጉዳትን የሚከታተል የሐኪሞች ቡድን በ2014 ባሳተመው ሥራ፣ ከመዘገቡት ጉዳት ውስጥ የማሟያዎችና የዕፅዋት ውጤቶች ድርሻ በአሥር ዓመት ገደማ ከመቶ 7 ወደ 20 አድጓል። በጡንቻ ገንቢዎቹ የተጎዱት ወጣት ወንዶች ናቸው፤ ዓይናቸው ቢጫ ይሆናል፣ ሰውነታቸው ያሳክካቸዋል፣ ለሳምንታት አንዳንዴም ለወራት ይቆያል። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ልጅ ቤተሰቡ የወፍ በሽታ ይዞታል ብሎ ወደ ባህል ሐኪም ሊወስደው ይችላል፤ ጣሳውን ግን ማንም አያስብም። ዱቄት ወይም ክኒን እየወሰደ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ካለ በዚያው ቀን ያቁም፣ ጣሳውንም ይዞ ሆስፒታል ይሂድ። «በሁለት ሳምንት ስምንት ኪሎ ጡንቻ ጨመርኩበት» የሚባልለት ነገር ካጋጠማችሁ ውስጡ ስቴሮይድ ሊኖር ይችላል፤ ምግብ እንዲህ አያደርግም። ስቴሮይድ ደግሞ የወንዱን የዘር ፍሬ ያኮማትራል፣ ልጅ መውለድን ሊያስቀር ይችላል፣ ጡት ያበቅላል፣ የልብ ደም ሥሮችን ያበላሻል። በመርፌ በጓዳ የሚሰጠውም ያው ነው።

ከውጭ ዘመድ ለሚልክላችሁ ደግሞ አንድ ነገር። እህት ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ስትልክ ዕቃው ጥሩ ነው ብለን እናስባለን፤ የነገርኳችሁ ቁጥሮች ግን አብዛኞቹ የመጡት ከዚያው ከውጭ ገበያ ነው። እንግዲህ «ኤንኤስኤፍ ሰርቲፋይድ ፎር ስፖርት» ወይም «ኢንፎርምድ ስፖርት» የሚል ማኅተም ያለበትን እንድትፈልግ ንገሯት፤ እነዚህ ተቋማት ምርቱን ለተከለከሉ ነገሮች ይመረምራሉ። እዚህ ስትገዙም ክዳኑ የታሸገ፣ ቀኑ ያላለፈ፣ በአገራችን ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የተመዘገበ መሆኑን ጠይቁ፤ በላስቲክ ተመዝኖ የሚሸጥ ዱቄት ካያችሁ እለፉት። በውድድር ለምትሳተፉ አትሌቶች ነገሩ የከፋ ነው። በዓለም ፀረ-አበረታች ቅመሞች ሕግ መሠረት ሰውነታችሁ ውስጥ ለተገኘው ነገር ተጠያቂዎቹ እናንተው ናችሁ፤ «ጣሳው ላይ አልተጻፈም» ማለት ቅጣት ሊያቀልል ይችል ይሆናል እንጂ ውጤቱን አይመልስም። የምትወስዱትን ሁሉ መለያ ቁጥሩን ጻፉ፣ ከጣሳውም ጥቂት አስቀሩ፤ ክርክር ከመጣ የምታቀርቡት ማስረጃ እሱ ነው።

ማን ይተወው? የኩላሊት ወይም የጉበት ሕመም ያለበት፣ የደም ግፊት ያለበት በተለይ ካፌን የበዛበትን ዱቄት፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ፣ ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች። ልጆቹ እያደጉ ስለሆነ ሆርሞናቸው ራሱ ይሠራላቸዋል፤ ምግባቸው ይሟላ፣ ይበቃል። ክሪያቲን የምትወስዱ ጎልማሶች ደግሞ የደም ምርመራ ስታደርጉ ለሐኪሙ ንገሩት። ክሪያቲን ሲፈርስ የሚቀየረው ክሪያቲኒን ወደተባለው ነገር ነው፤ የኩላሊት ምርመራው የሚለካው ያንን ነው። ዱቄቱ ቁጥሩን ትንሽ ከፍ ሊያደርገው ስለሚችል ጤነኛ ኩላሊት የታመመ መስሎ ይታያል። ሐኪሙ ካወቀ ሲስታቲን ሲ የሚባለውን ሌላ ምርመራ ሊያዝ፣ ወይም ዱቄቱን ለተወሰነ ጊዜ አቁማችሁ እንድትደግሙት ሊነግራችሁ ይችላል። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ጣሳ ይዛችሁ የመጣችሁም ወደዚህ አምጡት፣ ጀርባውን አብረን እናነባለን።